የቫን ዘይት ማፍሰሻ ታፖ ጥርሱ ሲበላ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቫኑ ስር ተኝታችሁ ዘይት ቀይራችሁ ጨርሳችኋል። ታፖውን፣ ማለትም የማፍሰሻ ቀዳዳውን የሚዘጋውን ቡሎን፣ እየመለሳችሁ ነው። አሁን ይይዛል፣ አሁን ይይዛል ስትሉ ቁልፉ ድንገት ለቀቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ታፖው ይዞራል እንጂ አይጠብቅም። እኔ ላይም ደርሷል፤ ያን ቀን ያልገባኝን ነገር ሁሉ ቀስ በቀስ ተምሬዋለሁ። ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝም ያኔ ራሴን የጠየቅኩትን ስለሆነ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ዘይቱን የሚዘጋው ጥርሱ (ታፖው ላይና ቀዳዳው ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ መስመር) ሳይሆን ሮንዴላው (ከታፖው ራስ ስር የሚገባው ቀለበት) ነው። የጥርሱ ሥራ ታፖውን ስቦ ሮንዴላውን በኮፓው፣ ማለትም ከሞተሩ ስር ባለው የዘይት መያዣ፣ ፊት ላይ መጫን ብቻ ነው። ይሄ ከገባችሁ የትኛው ጥገና እንደሚያዛልቅና የትኛው መንገድ ላይ እንደሚጥላችሁ ራሳችሁ ትለያላችሁ።

ጥርሱ መበላቱን በምን አውቃለሁ?

ጤነኛ ታፖ በእጅ ብቻ እስከ መጨረሻው ይገባል፣ ከዚያ በቁልፍ ትንሽ ስታዞሩት ጠንከር ብሎ ይቆማል። የተበላው ግን ጠበቅ ይልና መልሶ ይለቃል፣ ወይም ማቆሚያ የለውም። አውጡትና ጥርሱን በጨርቅ ጠርጋችሁ ተመልከቱት። በጥርሶቹ መሃል ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ ነጭ ብረት ተጠቅልሎ ካገኛችሁ እሱ የኮፓው ጥርስ ነው። አንዳንዴ ስፕሪንግ መስሎ አንድ ላይ ተነቅሎ ይወጣል። እንደዚያ ሆኖ ከወጣ ቀዳዳው ውስጥ የሚይዝ ነገር አልቀረም ማለት ነው።

ካልወጣ ደግሞ በባትሪ ወደ ቀዳዳው አብሩና ቁጠሩ። መግቢያው ላይ ያሉት ሁለት ሦስት ጥርሶች ብቻ ተጎድተው የላይኞቹ ደህና የሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው። ልዩነቱ የጥገናውን ዓይነት ስለሚወስን ይህን ሳታዩ መሣሪያ ለመግዛት አትሩጡ።

ለምን ተበላ? እኔ እኮ ብዙም አላጠበኩትም።

ምናልባት እናንተ አይደላችሁም። የብዙ ቫኖች ኮፓ በአልሙኒየም የተሠራ ነው፣ ታፖው ግን ብረት ነው። ብረትና አልሙኒየም ሲታገሉ ሁሌም የሚሸነፈው አልሙኒየሙ ነው። ጥርሱ የሚበላውም በአንድ ቀን አይደለም። በየቅያሬው ትንሽ ትንሽ ይለጠጣል፣ ከዚያ አንድ ቀን መጨረሻው በደረሰበት እጅ ላይ ይለቃል። ቫን ደግሞ ብዙ የሚሠራ መኪና ነው። በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ቢቀየርለት 200,000 ሲደርስ ታፖው 20 ጊዜ ተፈትቶ 20 ጊዜ ጠብቋል። ከእነዚያ ውስጥ አንዱ ብቻ በአየር ሽጉጥ (በአየር ግፊት በሚሠራ ማጥበቂያ) የጠበቀ ከሆነ በቂ ነው።

የተለመዱት ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። ያረጀ ሮንዴላ ይመለሳል፣ ያንጠባጥባል፣ ሰውየው ማንጠባጠቡን ለማቆም ጨምሮ ያጠብቀዋል፤ በኔ ግምት አብዛኛው ታፖ የሚበላው በዚህ ነው። ሌላው ጠማማ ሆኖ የገባ ታፖ ነው፤ በእጅ ሳይጀመር በቀጥታ በቁልፍ ሲጀመር ጥርስ በጥርስ ላይ ይወጣል። ሦስተኛው አቅጣጫ መሳሳት ነው። በጀርባ ተኝቶ ወደ ላይ እያዩ ሲሠሩ መፍቻውና ማጥበቂያው ይምታታል፣ አልፈታ አለ ተብሎ በረጅም ቧንቧ የሚታገሉት ታፖ በእርግጥ እየጠበቀ ነው።

የቆርቆሮ ኮፓ ያላቸው ቫኖች ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። እዚያ ጥርሱ ያለው ከኮፓው ጋር የተበየደ ዳዶ (ቡሎን የሚገባበት ብረት) ላይ ነው። ብረት በብረት ስለሆነ ቶሎ አይበላም፤ ከተበላ ግን ብየዳው ራሱ ለቆ ዳዶው አብሮ እየዞረ እንዳይሆን አጣሩ።

እንዲህ ሆኖ መንዳት እችላለሁ?

ታፖው ካልያዘ አይቻልም። ዘይት መቀየሪያውም ቦታ ድረስ አትንዱት። ሞተሩ ሲሠራ፣ ሲንቀጠቀጥና ዘይቱ ሲሞቅ ላላ ያለ ታፖ የበለጠ ይላላል። አንዴ ከወደቀ ዘይቱ በሙሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መንገድ ላይ ይፈሳል። የዘይት ግፊት መብራት እስኪበራ እጠብቃለሁ የሚሉ አሉ። መብራቱ የሚበራው ግፊቱ ከወረደ በኋላ ነው፣ ያኔ ብሮንዚናዎቹ (ሞተሩ ውስጥ የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከሙት) ያለ ዘይት መሥራት ጀምረዋል። መብራቱን እየነዳችሁ ካያችሁት ዳር ይዛችሁ ወዲያው ሞተሩን አጥፉ፤ «እስከዚያች ኩርባ» አትበሉ።

ይይዛል ግን በየሰዓቱ ጠብታ ጠብታ ያደርጋል ከሆነ ሌላ ነገር ነው። በየቀኑ የዘይት መለኪያውን ዘንግ እያያችሁና እየሞላችሁ ጥገናው እስኪደርስ በቅርብ ርቀት መቆየት ይቻላል። ጭናችሁ ረጅም መንገድ ግን አትውጡ።

ታፖው ዝም ብሎ ይዞራል፣ አይወጣምም። እንዴት ላውጣው?

ጥርሱ ስለተበላ የሚገፋው ነገር የለም፣ ስለዚህ እናንተ መሳብ አለባችሁ። ከታፖው ራስ ስር ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አስገቡና ወደ ታች እየጫናችሁ በሌላ እጃችሁ በመፍቻው አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። አብዛኛውን ጊዜ ከቀሩት ጥርሶች አንዱ ይይዝለትና ይወጣል። ካቻቢቴው የሚደገፍበት የኮፓ ፊት ሮንዴላው የሚያርፍበት ስለሆነ አትቧጭሩት። ቀጭን ቆርቆሮ በመሃል አስገቡበት። እዚያ ላይ የተሠራ ጥልቅ ጭረት በኋላ ጥርሱን ብታስተካክሉትም ዘይት የሚያልፍበት መንገድ ይሆናል።

ይህን ስትሠሩ ቫኑ በክሪክ ብቻ አይቁም። ቫን ከባድ ነው፣ በተለይ ኋላው ላይ ዕቃ ካለ። ጠንካራ መደገፊያ ብረት አድርጉበት፣ ጎማዎቹን አግዱ፣ ቢቻል ጭነቱን አራግፉ። ካቻቢቴ ይዛችሁ ስትስቡ መኪናው ይወዛወዛል፤ ክሪክ ደግሞ ያንን አይወድም።

የተበላው የታፖው ነው ወይስ የኮፓው?

የታፖው ብቻ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፣ አዲስ ታፖ ገዝታችሁ ትጨርሳላችሁ። ለማወቅ ትክክለኛ መጠን ያለው አዲስ ታፖ በእጅ አስገብታችሁ ሞክሩ። ያለ ጨዋታ ከገባና መጨረሻ ላይ ከያዘ ኮፓው ደህና ነው። እየተወዛወዘ ከገባ ኮፓው ነው።

መጠን ላይ ተጠንቀቁ። በብዛት የምታገኙት ኤም 12 በ 1.25 እና ኤም 14 በ 1.5 ነው። ሌሎችም አሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ውፍረቱ ነው፣ ሁለተኛው በሁለት ጥርሶች መሃል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር። ውፍረቱ አንድ ሆኖ ርቀቱ የተለየ ታፖ ሁለት ሦስት ዙር ገብቶ ይጠብቃል፤ «ጠበቀ» ብሎ በቁልፍ የገፋው ሰው ጤነኛውን ጥርስ በራሱ እጅ ይቆርጠዋል። ውፍረቱን በካሊበር፣ ርቀቱን በጥርስ መለኪያ ለኩ። በዓይን አትገምቱ።

በቴፍሎን ወይም በሲሊኮን ብጠቀልለውስ?

አይሆንም። መጀመሪያ ላይ ያልኳችሁን አስታውሱ፣ የጥርሱ ሥራ መያዝ ነው። ቴፍሎን መያዝ አይችልም፣ ሲሊኮንም እንደዚሁ። ለጥቂት ቀን ማንጠባጠቡን ሊደብቅ ይችላል፣ ታፖው ግን በምንም አልተያዘም። በዚያ ላይ የተቆረጠ ቴፍሎንና የደረቀ ሲሊኮን ወደ ኮፓው ውስጥ ይገባል። ዘይት ፓምፑ ከኮፓው የሚስብበት ቱቦ አፉ ላይ ወንፊት አለው፤ ወንፊቱ በቁርጥራጭ ሲደፈን ሞተሩ ዘይት ሞልቶ ሳለ ዘይት ይጠማዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ጊዜያዊ መፍትሔ የሚሰፋ የጎማ ታፖ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ መሃሉ ያለው ቡሎን ሲጠብቅ ጎማው ያብጥና ይዘጋል። ጥርስ አያስፈልገውም። መንገድ ላይ ለተያዘ ሰው መድኃኒት ነው፤ ሙቀትና ዘይት ጎማውን ስለሚያደክሙት ግን ለወራት እዚያው አትተዉት።

በማስኪዮ ጥርሱን ባድሰው አይበቃም?

የተጎዱት የመግቢያ ጥርሶች ብቻ ከሆኑ ይበቃል። ተመሳሳይ መጠን ያለው ማስኪዮ (ቀዳዳ ውስጥ ጥርስ የሚያወጣ መሣሪያ) በቅባት ለውሳችሁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ በእጅ አስገቡት። ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ። የተጣመመው ጥርስ ይስተካከላል። ማስኪዮ ግን የሌለ ብረት አይፈጥርም። ጥርሱ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ በዚያው መጠን ማስኪዮ መመላለስ የቀረችውንም ትንሽ ብረት መጨረስ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማይሞክራት አንድ ዘዴ አለች። አንዳንድ ኮፓ ላይ የቀዳዳው ግድግዳ ወፍራም ነው፣ ፋብሪካው የሰጠው ታፖ ግን አጭር ስለሆነ የላይኞቹ ጥርሶች ተነክተው አያውቁም። በባትሪ ስታዩ ከላይ ንጹህ ጥርስ ካለ በጥቂት ሚሊ የሚረዝም ታፖ እነሱን ይይዛል። ምንም አልተበሳም፣ ምንም አልተቆረጠም። ረዘም ያለው ታፖ ውስጥ ካለ ነገር ጋር እንዳይጋጭ ብቻ መጀመሪያ በእጅ አስገብታችሁ አረጋግጡ። ሰዎች ይህን ዘለው ወደ ድሪል ሲሮጡ ሳይ በጣም ይቆጨኛል።

ወፈር ያለ ታፖ ማስገባትስ?

ሁለት ዓይነት ነው፣ እባካችሁ አትቀላቅሏቸው።

አንደኛው ራሱ ጥርስ እየቆረጠ የሚገባው ታፖ ነው። ጫፉ ላይ መቁረጫ አለው፣ እያጠበቃችሁት በተበላው ቀዳዳ ውስጥ አዲስ ጥርስ ይሠራል። ርካሽና ፈጣን ነው። ችግሩ ሲገባ ቀጥ ብሎ እንዲገባ የሚመራው ነገር የለም። ትንሽ ጠመም ካለ ራሱ ኮፓው ፊት ላይ በአንድ ጎኑ ብቻ ያርፋል፣ ሮንዴላው በሌላው ጎን ይከፈታል፣ ያንጠባጥባል፣ እናንተም ለማስቆም ታጠብቁታላችሁ። የት እንደሚያደርስ ታውቁታላችሁ። የቆረጠው ብረትም ወደ ውስጥ ይገባል። አንዳንዶቹ መሃላቸው ላይ ትንሽ ታፖ አላቸው፣ ትልቁ አንዴ ከገባ ሳይነካ ይቀርና በየቅያሬው ትንሹ ብቻ ይፈታል። ከነዚህ መምረጥ ካለባችሁ ያንን ምረጡ።

ሁለተኛው በሥርዓቱ የሚሠራው ነው። በልኩ ትበሳላችሁ፣ በማስኪዮ ጥርስ ታወጣላችሁ፣ አንድ ደረጃ ወፈር ያለ ተራ ታፖ ታስገባላችሁ። ኤም 12 የነበረው ወደ ኤም 14 በ 1.5 ሲያድግ የሚበሳው በ12.5 ሚሊ ፑንታ (የድሪል መብሻ) ነው። ኤም 14 የነበረው ወደ ኤም 16 በ 1.5 ሲያድግ በ14.5። ከመብሳታችሁ በፊት በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ብረት ለኩ፤ ግድግዳው ከሳሳ በኋላ ኮፓው ራሱ ይሰነጠቃል። አዲሱ ሮንዴላም የሚያርፍበት ሰፊና ለስላሳ ፊት ሊኖረው ይገባል።

በሥርዓቱ ከተሠራ ጥሩ ጥገና ነው። ድክመቱ አንድ ነው፤ አሁንም ብረት በአልሙኒየም ነው፣ ሁለተኛ ከተበላ የሚሰፋበት ቦታ አይኖርም።

ሄሊኮይል ይሻላል ወይስ ቦኮላ?

ሁለቱም ከመጀመሪያው የተሻለ ጥርስ ይሰጣችኋል፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ታፖው የሚገባው በአልሙኒየም ሳይሆን በብረት ውስጥ ነው። የታፖው መጠንም አይቀየርም። ቀጣዩ ሰው በመደበኛው ታፖ ይሠራዋል።

ሄሊኮይል ከማይዝግ ሽቦ የተጠቀለለ ስፕሪንግ ነው። ቀዳዳው ይሰፋል፣ በራሱ ልዩ ማስኪዮ ጥርስ ይወጣለታል፣ ስፕሪንጉ በማስገቢያው ይጠመዘዝበታል። ለዘይት ታፖ ሁለት ነገር ያሳስበኛል። አንደኛው ማስገቢያው የሚይዛት ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ምላስ ናት። ስፕሪንጉ ከገባ በኋላ ተሰብራ መውጣት አለባት፣ ኮፓው በቦታው እያለ ከሠራችሁ ደግሞ የምትወድቀው ወደ ውስጥ ነው። የማይዝግ ብረት ስለሆነች ማግኔት በደንብ አይስባትም። በቀጭን ፒንሳ ይዛችሁ ስበሩ፣ መውጣቷን በዓይናችሁ ሳታዩ አትቀጥሉ።

ሁለተኛው ዘይት ከስፕሪንጉ ጀርባ ሊያልፍ መቻሉ ነው። ለኤም 14 በ 1.5 ሄሊኮይል የሚወጣው ጥርስ ውጫዊ ስፋቱ 16 ሚሊ ይጠጋል። ሮንዴላው ከዚያ ክብ ውጭ በቂ ፊት ካላገኘ ዘይቱ በስፕሪንጉና በኮፓው መሃል ዞሮ ይወጣል። ስለዚህ ስፕሪንጉን ስታስገቡ ውጩን ዘይትና ሙቀት በሚችል የቡሎን ማጣበቂያ ቀቡት፣ ከኮፓው ፊት ትንሽ ወደ ውስጥ እንዲጠልቅ አድርጉ፣ ሰፋ ያለ ሮንዴላም ምረጡ።

ቦኮላው፣ ታይም ሰርት በሚባለው ስም በብዛት የሚታወቀው፣ ውስጡም ውጩም ጥርስ ያለው ድፍን ብረት ነው። መግቢያው ላይ ትንሽ ከንፈር አለው። ኪቱ ውስጥ ያለው መቁረጫ ለከንፈሩ መቀመጫ ስለሚያበጅለት ከሚገባው በላይ ጠልቆ ወደ ኮፓው ሊገባ አይችልም። የመጨረሻው መሣሪያ ሲገባ የቦኮላውን ውስጠኛ ጫፍ ወደ ጎን ገፍቶ ያስይዘዋል፣ ስለዚህ ታፖውን ስትፈቱ አብሮ አይወጣም። ምላስ የለውም። የሽቦ ክፍተት የለውም። ኪቱ ውድ ነው፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ መግዛቱ ሊከብድ ይችላል፤ ኪቱ ያለው ባለሙያ ፈልጋችሁ ማሠራት ትችላላችሁ።

ለኔ፣ በየቀኑ ለሚሠራ ቫን፣ ምርጫው ቦኮላ ነው። ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ በደንብ የተገባ ሄሊኮይል አያሳፍርም።

ኮፓውን ሳላወርድ መሥራት ይቻላል? ብናኙስ?

ይቻላል፣ ብዙ ሰውም እንዲሁ ነው የሚሠራው። ግን ብናኙ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ አለባችሁ። ዘይቱ ከኮፓው ተስቦ መጀመሪያ የሚደርሰው ፓምፑ ጋ ነው፣ ፊልትሮው ከፓምፑ በኋላ ነው። «ፊልትሮው ይይዘዋል» የሚለው ማጽናኛ ለብሮንዚናዎቹ ይሠራል፣ ለፓምፑ ግን አይሠራም። አልሙኒየም ደግሞ በማግኔት አይሳብም፤ ማግኔት ያለው ታፖ ከዚህ ብናኝ አያድናችሁም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ፑንታውንና ማስኪዮውን በወፍራም ግሪስ ሙሉት፣ ብናኙ ግሪሱ ላይ ይጣበቃል። ሁለት ዙር በገባ ቁጥር አውጥታችሁ ጥረጉና እንደገና ቀቡ። ይሰለቻል፣ ግን አትዝለሉት። ኤሌክትሪክ ድሪል በተቻለ መጠን አትጠቀሙ፤ ቀዳዳው ሊጣመምም ሊሰፋም ይችላል፣ ብናኙንም ወደ ላይ ይበትነዋል። ማስፊያውንም ማስኪዮውንም በእጅ መያዣ አዙሩ። ስትጨርሱ ጣታችሁን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልላችሁ የቀዳዳውን ውስጠኛ ጠርዝ ጥረጉ። ከዚያ ታፖው ሳይገባ አንድ ሊትር ርካሽ ንጹህ ዘይት ከላይ አፍስሱና በቀዳዳው ይውጣ። የወጣውን በነጭ ጨርቅ አጥልሉት። የሚያብረቀርቅ ነገር ካለ ድገሙት። ጨርቁ ንጹህ እስኪሆን ሞተሩን አታስነሱ።

ኮፓውን በቀላሉ ማውረድ የሚቻልበት ቫን ከሆነ ግን አውርዱት። ጠረጴዛ ላይ ቀጥ አድርጎ መብሳትም፣ ማጠብም ቀላል ነው፣ የፓምፑን ወንፊትም በዚያው ታጸዳላችሁ። ስትመልሱት አሮጌውን ሲሊኮን ወይም ጋርኒሲዮን (በሁለቱ ፊት መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) በሙሉ አንሱ፣ ሁለቱን ፊት ከቅባት አጽዱ፣ አዲሱ ሲሊኮን ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ያህል ሳይደርቅ ዘይት አትሙሉ።

ኮፓ መቀየር ያለብኝ መቼ ነው?

ስንጥቅ ካለ፣ ቀዳዳው ከዚህ በፊት ሁለቴ ተሰፍቶ ከሆነ፣ ወይም ሮንዴላው የሚያርፍበት ፊት ተቦርቡሮ ማስተካከል ካልተቻለ። አንዳንድ ቫን ላይ አዲስ ኮፓ ከቦኮላ ኪት ብዙም ስለማይበልጥ ከመወሰናችሁ በፊት ሁለቱንም ጠይቁ። ኮፓውን ለማውረድ ጭስ ማውጫ ወይም ከሞተሩ ስር ያለው ተሻጋሪ ብረት መፈታት ካለበት ሥራው ከዕቃው በላይ ያስከፍላችኋል።

ታፖውን ሳልነካው ዘይቱን ከላይ ብመጥስ?

ይህ እንደ ስንፍና ይቆጠራል፣ አይደለም። የዘይት መለኪያው ዘንግ በሚገባበት ቱቦ ቀጭን ቱቦ ሰዶ ዘይቱን የሚመጥ ፓምፕ አለ። ሞተሩ ሞቅ ሲል ዘይቱ ስለሚቀጥን በደንብ ይመጣል። ታፖው አሁን ይዞ ካለና የማያንጠባጥብ ከሆነ፣ ግን ቀጣዩን መፍታት እንደማይችል ካወቃችሁ፣ ሳትነኩት በዚህ መንገድ ለብዙ ጊዜ መቀጠል ትችላላችሁ። የወጣውን መጠን ለኩና መጽሐፉ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ልዩነቱ ብዙ ከሆነ ቱቦው የኮፓውን ታች አልነካም ማለት ነው፣ ወይም አንዳንድ ቫን ላይ የኮፓው ቅርጽ ራሱ አያስደርስም።

ቀዳዳውን በብረት ማጣበቂያ ለዘላለም ደፍነው ዘይቱን ከላይ ብቻ የሚመጥጡም አሉ። በዘይት የራሰ አልሙኒየም ላይ ማጣበቂያ በደንብ አይይዝም። እኔ አላደርገውም።

ስንት ድረስ ላጥብቅ?

የሞተራችሁ መጽሐፍ የሚለውን። ብዙዎቹ ከ25 እስከ 45 ኒውተን ሜትር ባለው ውስጥ ናቸው፣ እና ይህ ሰው ከሚያስበው በጣም ያነሰ ነው። 35 ኒውተን ሜትር ማለት 30 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 12 ኪሎ ገደማ መጫን ነው። በ60 ሳንቲ ሜትር ቧንቧ ላይ 40 ኪሎ ብትጫኑ ግን ወደ 235 ትደርሳላችሁ። ይህ ማንኛውንም የአልሙኒየም ጥርስ ይነቅላል።

የቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ካላችሁ ተጠቀሙ። ከሌላችሁ አጭር ቁልፍ ያዙ፣ በእጅ እስከ መጨረሻው አስገቡ፣ ሮንዴላው ከነካ በኋላ በአንጓ ኃይል ብቻ ጠበቅ አድርጉና ተዉት። ጥርሱ ላይ ቅባት ወይም ማጣበቂያ አትጨምሩ፤ ቅባት ሲኖር በዚያው ቶርክ ቡሎኑ የበለጠ ይሳባል።

ሮንዴላውን ሁልጊዜ መቀየር አለብኝ?

አዎ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ ከዚህ በላይ ያለው ብዙው ነገር አያስፈልጋችሁም ነበር። ሮንዴላው የተሠራው እንዲጨፈለቅ ነው። አንዴ ተጨፍልቆ ቅርጹን ከያዘ ሁለተኛ ለመዝጋት የበለጠ ኃይል ይፈልጋል፣ ያ ኃይል ደግሞ ከኮፓው ጥርስ ነው የሚመጣው። የመዳብ ሮንዴላ በእሳት ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን ሞቆ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደገና ይለሰልሳል፣ ሌላ በማይገኝበት ቦታ ይሠራል። የአልሙኒየሙን ግን በእሳት አትሞክሩት። አሮጌው ታፖው ወይም ኮፓው ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ሁለት ሮንዴላ እንዳይደራረብም እዩ።

ጠግኜው አሁንም ያንጠባጥባል። ምን ላድርግ?

አታጥብቁት። መጀመሪያ ከየት እንደሚመጣ እወቁ። ኮፓውን በሙሉ በዲተርጀንት አጥባችሁ አድርቁ፣ ንጹህ ካርቶን ከስር አንጥፉ፣ ሞተሩን 15 ደቂቃ አሠሩና በባትሪ ተመልከቱ። ዘይት በስበት ይወርዳል፣ በነፋስም ወደ ኋላ ይገፋል፤ ታፖው ደግሞ ብዙ ጊዜ የኮፓው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስለሆነ ከፊልትሮው ወይም ከኮፓው ጋርኒሲዮን የመጣ ዘይት እሱ ላይ ተሰብስቦ ይንጠባጠባል። ታፖውን ላልሠራው ጥፋት ሲያጠብቁት የተበላ ጥርስ አይቻለሁ።

ከታፖው መሆኑን ካረጋገጣችሁ ዘይቱን አውርዱና ሮንዴላውን ተመልከቱት። የተጨፈለቀበት ምልክት ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ታፖው ጠማማ ነው። እኩል ሆኖ መሃሉን የሚያቋርጥ መስመር ካለበት ኮፓው ፊት ላይ ጭረት አለ፤ ሮንዴላውን ወደ ላስቲክ ጠርዝ ያለው ብትቀይሩት ብዙ ጊዜ ያንን ይሸፍናል።

የኔ ቫን ኮፓ ፕላስቲክ ነው። ይሄ ሁሉ ይሠራልኛል?

አይሠራም። አዳዲስ ሞተሮች ላይ የፕላስቲክ ኮፓ ከፕላስቲክ ታፖ ጋር እየተለመደ ነው። አንዳንዱ ታፖ በሩብ ዙር ብቻ ይቆለፋል፣ ላዩ ላይ የጎማ ቀለበት አለው፣ ብዙዎቹም በየቅያሬው በአዲስ የሚተኩ ናቸው። እዚህ ላይ ማስኪዮም ቦኮላም አታስቡ። ታፖውን ቀይሩ፣ ኮፓው ከተጎዳ ኮፓውን ቀይሩ።

የተሳሳተ ታፖ ፈትቼ ይሆን?

ይህ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ዘይቱ ቀላ ብሎ ወይም ከተጠበቀው አንሶ ሲወጣ ነው። አንዳንድ ቫን ላይ የካምቢዮው ታፖ ከሞተሩ ታፖ ጎን ለጎን ነው፣ ቅርጹም ይመሳሰላል። የፈታችሁት የካምቢዮውን ከሆነ ሞተሩ ላይ ዘይት ከመጨመራችሁ በፊት ቁሙ፤ አሮጌው ዘይት እዚያው ስላለ እጥፍ ትሞሉታላችሁ። ካምቢዮውን በራሱ ዘይት ሳትሞሉ ደግሞ ቫኑን አታንቀሳቅሱ።